ጀልባ ፍሬን የላትም፦ ከኮቃ እስከ ላንጋኖ የሚነገረው ተረትና እውነታው

አዳማ የመኪና ከተማ ናት። ወደ ጅቡቲ የሚወርደው የጭነት መኪና በደጇ ያልፋል፤ ከአዲስ አበባ የሚመጣው የፍጥነት መንገድ እ.ኤ.አ. በ2014 ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ የቅዳሜና እሑድ እንግዳዋ በዝቷል። ጋራዡ፣ ጎሚስታው፣ የመለዋወጫ ሱቁ በየማዕዘኑ ነው፤ ካንዴላ ፈትቶ መጥረግ የማይችል ጎረምሳ ማግኘት ይከብዳል። እንግዲህ ከዚህ ከተማ አንድ ሰው ገንዘብ አጠራቅሞ ትንሽ ጀልባ ቢገዛና ቅርቡ ባለው የኮቃ ሐይቅ ሊሞክራት ቢነሳ መጀመሪያ የሚያማክረው መካኒኩን ነው። መካኒኩም አያሳፍረውም። ችግሩ፣ የሚሰጠው ምክር የመኪና ምክር መሆኑ ነው።

በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዳርቻ ስለ ጀልባ የሚነገሩት የተሳሳቱ እምነቶች አብዛኞቹ እንዲህ ከአስፋልት የመጡ ናቸው። መሬት ላይ እውነት ነበሩ፤ ውሃ ውስጥ ሲገቡ ነው የተበላሹት።

እዚህ የሚወራው ስለ ትንሿ ጀልባ ነው፤ ከ5 እስከ 7 ሜትር የምትረዝመው፣ ፋይበር ግላስ የሆነችው፣ ሞተሯ ከኋላዋ የተንጠለጠለው። አንዳንዷ ከፊት ለፊቷ ሁለት ሰው ተጣጥፎ የሚያድርባት ጠባብ ክፍል አላት። ሐይቆቻችን ላይ በብዛት የሚታዩት ግን ክፍት ሆነው ከላይ ሸራ ወይም ቆርቆሮ የተዘረጋባቸው ናቸው። የምንናገረው ለሁለቱም ይሠራል።

በመጀመሪያ አንዱን ተረት ቶሎ እንለፈው። «እኛ ባሕር የለንም፤ ጀልባ የፈረንጅ ነገር ነው» ይባላል። የዝዋይ ደሴቶች ነዋሪ የሆኑት ዛዮች ይህን ቢሰሙ ይስቃሉ። ሐይቁ አምስት ደሴቶች አሉት፤ ከሁሉም ትልቁ ቱሉ ጉዶ ሲሆን የደብረ ጽዮን ማርያም ገዳም ያለው እሱ ላይ ነው። በዮዲት ጉዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ከአክሱም ሸሽታ እዚህ ተቀምጣለች የሚለው ትውፊት የሚነገረውም በዚሁ ገዳም ነው። ዛዮች ሐይቁን በደንገል ጀልባ ሲሻገሩ የኖሩት ሞተር የሚባል ነገር ከመሰማቱ ከብዙ ዘመን በፊት ነው። ጣና ላይ ያለውማ ታንኳ ማስረጃ አያሻውም።

አሁን ወደ ሞተሩ።

«40 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተጻፈበት ሞተር 40 ይሰጣል።» ባሕር ጠረፍ ላይ ይሰጣል። የዝዋይ ሐይቅ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 1,636 ሜትር ላይ ነው፤ ላንጋኖም ከዚያ ብዙ ዝቅ አይልም። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው 82 ወይም 83 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። ሞተር የሚሠራው ቤንዚንን ከአየር ጋር አቃጥሎ ስለሆነ፣ አየሩ በቀጠነ ቁጥር ጉልበቱም ይቀጥናል። ባለሙያዎች በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ገደማ ይቀነስ ይላሉ። ሲሰላ፣ 40 የተባለው ሞተር በዝዋይ ዳርቻ ባለችው ባቱ ላይ ከ33 ወይም 34 አይበልጥም፤ 15 የተባለውም 12 ተኩል ይሆናል። መኪና ላይ ይህ ጉድለት ብዙም አይታወቅም፤ ሹፌሩ ማርሽ ይቀንስና ያልፋል፣ የዘመኑ መኪና ደግሞ ቱርቦ አለው። የጀልባ ሞተር ግን ወደፊት የሚሄደው በአንድ ማርሽ ብቻ ነው።

ስለዚህ ማርሽ የሚሆነው ፕሮፔለሩ ነው። ፕሮፔለር ላይ ሁለት ቁጥር ይጻፋል፤ አንደኛው ስፋቱ፣ ሁለተኛው በአንድ ዙር በኢንች ምን ያህል ወደፊት እንደሚገፋ የሚያሳይ ነው። ከውጭ የሚመጣ ሞተር ለባሕር ጠረፍ የተመረጠ ፕሮፔለር ይዞ ይመጣል። እዚህ ሲደርስ በአራተኛ ማርሽ ዳገት እንደሚወጣ አይሱዙ ያቃስታል፤ ጋዙ እስከ መጨረሻው ተሰጥቶም ዙሩ ፋብሪካው ከወሰነለት በታች ይቀራል። ሁለተኛው ቁጥር በአንድ ኢንች ሲቀነስ ዙሩ ከ150 እስከ 200 ያህል ይጨምራል። አንድ ወይም ሁለት ኢንች ያነሰ ፕሮፔለር መግጠም አዲስ ሞተር ከመግዛት ጋር የሚወዳደር ወጪ አይደለም፤ በአንድ ቁልፍ ተፈትቶ በደቂቃዎች ይለወጣል። በእነዚህ ሐይቆች ላይ ለትንሽ ጀልባ ከሚደረጉ ማሻሻያዎች ሁሉ በገንዘብ ሲመዘን ይህን የሚያህል የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ካርቡሬተር ያለው ሞተር ከሆነ ደግሞ ካንዴላውን አውጥቶ ማየት ነው፤ ጥላሸት ከለበሰ፣ ለቀጠነው አየር ቤንዚኑ በዝቶበታል ማለት ነው።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ እምነት አለ፤ «ካልሮጠች ትልቅ ሞተር ግጠምላት» የሚል። ውሃ እየሰነጠቀች የምትሄድ ጀልባ ፍጥነቷን የሚወስነው በአብዛኛው ርዝመቷ ነው። ውሃ የሚነካው ርዝመቷ 5 ሜትር የሆነ ጀልባ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር አካባቢ ስትደርስ ራሷ በፈጠረችው ሞገድ መካከል ትያዛለች፤ አፍንጫዋ ወደላይ ይነሳል፣ ጀርባዋ ይሰምጣል። 7 ሜትር የሆነችው 12 ላይ እንዲሁ ትሆናለች። ከዚያ በላይ ለመሮጥ ታችዋ ጠፍጣፋ ሆኖ ውሃው ላይ የሚንሸራተት፣ ክብደቷም ቀላል መሆን አለበት። አሥር ሰው፣ ሁለት ጄሪካን ቤንዚንና አንድ ሳጥን ለስላሳ ለጫነች ጀልባ የሞተሩን ጉልበት እጥፍ ማድረግ የቤንዚኑን ወጪ እጥፍ ከማድረግ ብዙም አያልፍም።

ብዙ ሰው የሚሞኝበት ግን ነፋሱ ነው።

«ሐይቅ እንጂ ባሕር አይደለም፤ ማዕበል ከየት ይመጣል?» ይላሉ፤ በተለይ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ባቱ ደርሶ ውሃው እንደ መስተዋት ተዘርግቶ ያየ ሰው ይህን ማለቱ አይፈረድበትም። አሣ አጥማጆቹ ሌሊት የጣሉትን መረብ እየሰበሰቡ ይመለሳሉ፤ የውሃ ወፎች አጠገባቸው ይንሳፈፋሉ። ያ ሰው ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቢመለስ ሐይቁን አያውቀውም።

የአዳማ ሰው ነፋስን እንዲያምን ማስረጃ ሊቀርብለት አይገባም ነበር። ከከተማው ራስጌ ባለው ኮረብታ ላይ 136 የነፋስ ተርባይኖች ቆመዋል፤ የመጀመሪያዎቹ 34 እ.ኤ.አ. በ2012፣ የቀሩት 102 በ2015 የተጠናቀቁ ናቸው፤ በድምሩ 204 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። ማንም ያን ሁሉ ብረት ነፋስ በሌለበት አይተክልም። ያው ስምጥ ሸለቆ ነው ወደ ደቡብ የሚዘልቀው። በበጋ ከሰሜን ምሥራቅ የሚመጣው ነፋስ አለ፤ በዚያ ላይ ፀሐይ መሬቱን ስታግለው ከሐይቁ ቀዝቃዛ አየር የሚሳብበት የየዕለቱ ሥርዓት ይጨመራል። ሁለቱ የሚገናኙት ከሰዓት በኋላ ነው።

ማዕበልን የሚያሳድገው የውሃው ስም አይደለም፤ የነፋሱ ጉልበትና ነፋሱ ሳይቋረጥ በውሃ ላይ የሚጓዘው ርቀት ነው። ዝዋይ በረጅሙ በኩል 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይዘረጋል። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ 15 ኪሎ ሜትር ውሃ ቢያገኝ፣ በስሌት፣ ከግማሽ ሜትር የሚበልጥ ማዕበል በየሦስት ሰከንዱ ይልካል። የውቅያኖስ ማዕበል ከዚህ ቢተልቅም ረጅም ነው፤ ጀልባዋ ትወጣለች፣ ትወርዳለች። የእኛው አጭርና ቀጥ ያለ ነው። ከአንዱ ሳትወጣ ሌላው አፍንጫዋን ይመታታል፤ ክፍት ከሆነች ውሃው ዘሎ ይገባል። ዝዋይ ደግሞ አማካይ ጥልቀቱ 2 ሜትር ተኩል ገደማ፣ ጥልቁ ቦታ እንኳ ወደ 9 ሜትር ብቻ ነው። ጥልቀት ሲያንስ ማዕበሉ ታችኛውን መሬት እየነካ ይበልጥ ቀጥ ይላል። «ጥልቅ ስላልሆነ አያሰጋም» የሚለው እምነት የተገለበጠ ነው። 266 ሜትር የሚጠልቀው ሻላና 9 ሜትሩ ዝዋይ ለሰመጠ ሰው ልዩነት የላቸውም፤ ሁለቱም ከቁመቱ ይበልጣሉ።

ይህን የሚያውቅ ሰው ጉዞውን በሰዓት ያቅዳል። ወደ ቱሉ ጉዶ የሚሄድ በማለዳ ተነስቶ፣ ገዳሙን ተሳልሞ፣ ከቀትር በፊት ፊቱን ወደ ባቱ ይመልሳል። ቤንዚኑንም ለሦስት ይከፍለዋል፤ አንዱ እጅ ለመሄጃ፣ አንዱ ለመመለሻ፣ አንዱ ለማይታወቀው። የመኪና ሰው «መሄጃና መመለሻው ርቀቱ እኩል ነው» ብሎ ይከራከራል። ርቀቱ እኩል ነው፤ ነፋሱ ግን ሲመለሱ ከፊት ሊሆን ይችላል።

መኪና ሲበላሽ ዳር ይዞ ድንጋይ ከጎማው ሥር ያደርጋሉ። ጀልባ ሞተሯ ሲጠፋ ነፋሱ ወደፈቀደበት ትሄዳለች፤ ያለቻት ብቸኛ ፍሬን መልሕቅ ናት። እዚህ ላይ የጋራዥ ልማድ ይመጣል፤ ያረጀ ቮላኖ ወይም ሌላ ከባድ የመኪና ብረት በገመድ አስሮ መልሕቅ ማለት። ገመዱም የውሃውን ጥልቀት ብቻ አክሎ ይቆረጣል። ሁለቱም ስሕተት ነው። መልሕቅ የሚይዘው በክብደቱ ሳይሆን ጥርሱን ጭቃው ውስጥ በመቅበሩ ነው፤ ጥርሱ የሚቀበረው ደግሞ ገመዱ ወደላይ ሳይሆን ወደጎን ሲስበው ነው። ለዚህም ገመዱ ቢያንስ የጥልቀቱን አምስት እጥፍ መርዘም አለበት፤ 3 ሜትር ውሃ ላይ 15 ሜትር፣ ነፋስ ሲበረታ ከ20 በላይ። በመልሕቁና በገመዱ መካከል ሁለት ሦስት ሜትር ሰንሰለት ማስገባት ገመዱን ወደታች ያስተኛዋል። ሰንሰለቱ ከማንኛውም የብረታ ብረት ሱቅ ይገዛል። በአንድ ከሰዓት የሚያልቅ ሥራ ነው።

«ትንሽ ላስነሳውና ድምፁን ልስማው።» ጀልባዋ ግቢ ውስጥ በተጎታቿ ላይ እንዳለች ሞተሯን አስነስቶ ለጎረቤት ማሰማት የተለመደ ደስታ ነው። ደስታው ግን ውድ ነው። አብዛኛው የጀልባ ሞተር ራዲያተር የለውም፤ የሚቀዘቅዘው ከታች በሚስበው የሐይቅ ውሃ ነው። ውሃውን የሚገፋው ባለ ክንፍ ትንሽ ጎማ ሲሆን፣ ለስላሳ ሆኖ የሚቆየውም በዚያው ውሃ ነው። ደረቅ ላይ ከተሽከረከረ ደቂቃ ሳይሞላ ሊቃጠል ይችላል። የሞተሩ ራስ ወዲያው አይግልም፤ ጉዳቱ የሚታወቀው በሳምንቱ ሐይቁ መሀል ነው። ሞተሩን ግቢ ውስጥ መሞከር የፈለገ ሰው ግማሽ በርሜል ውሃ አቅርቦ እግሩን እዚያ ይንከረው።

ሞተሩ ሲሠራ ከጀርባው ቀጭን ውሃ ሲረጭ ይታያል፤ እንደ ሽንት ነው፣ ልምድ ያለው ካፒቴን በየጥቂት ደቂቃው ዞር ብሎ ያየዋል። ያ ክር ከቀጠነ ወይም ከተቋረጠ ሞተሩን ወዲያው ማጥፋት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ መሳቢያው ላይ የተለጠፈ አረም ነው። ላንጋኖ ላይ ደግሞ ውሃው ውስጥ የተንሳፈፈው ደቃቅ ሸክላ ቀስ በቀስ ጎማውን ይሞርደዋል፤ ስለዚህ መለዋወጫውን ከካንዴላ ጋር ይዞ መጓዝ ብልህነት ነው።

ሌላው የሐይቁ ወጥመድ መረብ ነው። የአጥማጆች መረብ የሚታወቀው በሚንሳፈፉ የፕላስቲክ ጠርሙሶች ነው፤ በማዕበል መሀል አይታዩም። ናይለኑ ፕሮፔለሩ ላይ ሲጠመጠም ሰው በቢላ ቆራርጦ «ወጣ» ይላል። ሳይወጣ የቀረው ክር ከፕሮፔለሩ በስተጀርባ ገብቶ ፓራኦሊውን ይበላል፤ በዚያ ቀዳዳ ውሃ ወደ ማርሹ ዘይት ይሰርጋል። ስለዚህ ቤት ሲደረስ ፕሮፔለሩን ፈትቶ፣ ዘንጉ ላይ ፀጉር የመሰለ ነገር ካለ ለቅሞ ማውጣት ነው። የማርሹ ዘይት ሲቀዳ ማኪያቶ ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል።

ጀልባ በትንሽ በትንሹ ሲሻሻል ሰው ሁሉ የሚወደው የመብራቱን ነገር ነው፤ አምፖል፣ ስልክ መሙያ፣ ሙዚቃ፣ ቢቻል ፍሪጅ። እዚህም የመኪና ባትሪ ይመጣል። «12 ቮልት 12 ቮልት ነው» ይባላል። የመኪና ባትሪ የተሠራው ለጥቂት ሰከንድ ብዙ ኃይል ሰጥቶ ሞተር ለማስነሳትና ወዲያው በዲናሞው ለመሞላት ነው። ሌሊቱን ሙሉ አምፖል ሲያበራ አድሮ ባዶ ከሆነ፣ ጥቂት ጊዜ እንዲህ ከተደጋገመበት ይሞታል። ለዚህ ሥራ የሚሆነው ቀስ ብሎ እንዲሰጥ የተሠራው፣ ለቤት ሶላር የሚሸጠው ዓይነት ነው። እሱም ቢሆን ባለ እርሳስ ከሆነ ከግማሽ በታች ባይወርድ ዕድሜው ይረዝማል። 100 አምፒር ሰዓት የሚለው ባትሪ በተግባር 50 ነው። ሊቲየም ብረት ፎስፌት የሚባለው 80 እና ከዚያ በላይ ይሰጣል፣ ክብደቱም ከግማሽ ያንሳል፤ ዋጋው ግን ሌላ ታሪክ ነው።

ባለ 100 ዋት የሶላር ፓነል በስምጥ ሸለቆ የበጋ ፀሐይ በቀን 30 አምፒር ሰዓት ያህል ይመልሳል። ያ ለአምፖሎች፣ ለስልኮችና ለውሃ ማውጫ ፓምፕ ይበቃል፤ ፍሪጅ ከተጨመረ ግን ሒሳቡ አፋፍ ላይ ይቆማል። ሁሉም ሽቦ ከባትሪው አጠገብ ፊውዝ ይኑረው። መኪና ሽቦዋ ሲቃጠል በሩን ከፍቶ መውረድ ይቻላል።

በዚህ አጋጣሚ ስለ ኤሌክትሪክ ሞተር። «መጫወቻ ነው» የሚለው ፍርድ በከፊል ብቻ ልክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ ስለ ባትሪ የሚያውቅ መካኒክ በየከተማው እየበዛ ነው፤ ይህ ለጀልባም ይተርፋል። ደግሞም ኤሌክትሪክ አየር አይተነፍስም፤ ባቱ ላይም ምፅዋ ላይም ጉልበቱ ያው ነው። 50 አምፒር የሚስብ ትንሽ ሞተር በሙሉ ኃይሉ ባለ 100 ሊቲየም ባትሪ በሁለት ሰዓት ይጨርሳል። ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀነስ ግን የሚፈልገው ኃይል በግምት ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል፤ ስለዚህ ዝግ ያለ ሰው ሩቅ ይሄዳል። ቢሾፍቱ ላይ በባቦጋያ ዳርቻ ወፍ ለሚያይ ቤተሰብ ከዚህ የተሻለ የለም። ከሰዓት በኋላ በዝዋይ ነፋስ ላይ ግን ማንም አይተማመንበት።

የሚያስፈራው እምነት ግን የቡናው ነው።

ሐይቅ ዳር ዋሉ፣ ነፋሱ ተነሳ፣ ብርዱ መጣ፤ «ወደ ውስጥ እንግባና ቡናችንን እናፍላ፣ ክፍሏ ትሞቃለች» ይባላል። ከሰሉ አስቀድሞ ውጭ ፍም ስለሆነ ጭስ የለውም፤ ጭስ ከሌለው አደጋ የለውም ተብሎ ይታመናል። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን አይታይም፣ አይሸትም፣ ፍሙ ቀይ ሆኖ ጥላሸቱ ሲጠፋም መውጣቱን አያቆምም። በተዘጋ ቤት ከሰል አንድደው የተኙ ሰዎች ስንት ጊዜ በክረምት እንደሞቱ የማይሰማ የለም። የጀልባ ክፍል ከማንኛውም ቤት ያነሰች ናት፤ ቁመቷ ሰው አያስቆምም፣ አየሯ ትንሽ ነው። በዚያ ላይ ቤንዚን አለ። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፤ ከመኪና ላይ መሬት ወርዶ ይበተናል፣ ከጀልባ ላይ ግን ወደታች ፈስሶ ሆዷ ውስጥ ይጠራቀማል፣ መውጫ የለውም። ሞተር ከማስነሳት በፊት ክፍሎቹን ከፍቶ ማናፈስ፣ ጄሪካኑን ሲሞሉ ከጀልባዋ አውርዶ መሬት ላይ መሙላት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ቡናው ግን መሬት ላይ ይፈላል፤ ዳሩም ያምራል፣ ቄጤማውም እዚያው ነው።

ላይፍ ጃኬት «ለማይዋኝ ነው» ይባላል፤ ሌላው ደግሞ «ባዶ ጄሪካን ይበቃል» ይላል። ሁለተኛው ቀልድ አይደለም፣ ስሌቱ ያስገርማል። ክዳኑ የተዘጋ ባለ 20 ሊትር ጄሪካን 20 ኪሎ ያህል ወደላይ ይገፋል፤ በላይፍ ጃኬት መለኪያ ወደ 200 ኒውተን ነው። ጃኬቶች 50፣ 100፣ 150 ኒውተን እየተባሉ ይሸጣሉ። ጄሪካኑ በጉልበት ይበልጣል ማለት ነው። ጉዳዩ ግን የት ይገፋል ነው። ጄሪካን የሚይዘው እጅ ሲደክም ያመልጣል፤ ራሱን የሳተ ሰው ደግሞ ምንም አይዝም። ባለ 100 እና ከዚያ በላይ የሆነው ጃኬት ደረቱና አንገቱ ላይ ተደልድሎ የተሠራው የወደቀውን ሰው በጀርባው ገልብጦ አፍንጫውን ከውሃ በላይ ለማድረግ ነው፤ ባለ 50ው ይህን አያደርግም፣ ለሚዋኝና ለዳር ቅርብ ለሆነ ሰው የታሰበ ነው። ከጀልባ የሚወድቅ ሰው ብዙ ጊዜ ጭንቅላቱ አንድ ነገር መትቶ ነው የሚወድቀው፤ ዋና መቻሉ ያኔ አይጠቅመውም።

ልጅ ላይ ሲታሰር አንድ ፈተና አለ። ጃኬቱ ከተቆለፈ በኋላ በሁለቱ ትከሻዎቹ ይዞ ወደላይ ማንሳት ነው። ልጁ አብሮ ከተነሳ ልኩ ነው። ጃኬቱ ብቻ ተነስቶ ጆሮዎቹን ከዋጠ ሰፍቶታል፤ በእግሮቹ መካከል የሚያልፍ ማሰሪያ ከሌለው ውሃ ውስጥ በራሱ ላይ ይወጣል። ከዓመት ዓመት ጣሪያ ላይ ፀሐይ ሲመታው የኖረ፣ ቀለሙ የነጣ፣ ሲጨመቅ የማይመለስ ጃኬት ደግሞ ትራስ ቢሆን ይሻላል።

ስለ ጉማሬ ብዙ ይወራል፤ «ሣር በል ነው፣ ሰው አይነካም» የሚለው ግን ገዳይ ነው። ጉማሬ ሰውን የሚያጠቃው ለመብላት ሳይሆን መንገዱን ስለዘጋበት ነው። ቶን ተኩል ይመዝናል፤ ከመዋኘት ይልቅ ከውሃው ሥር ያለውን መሬት እየረገጠ ይሄዳል፤ አምስት ደቂቃ ያህል ሳይታይ ሊቆይ ይችላል። ሌሊት ይግጣል፣ ቀን ውሃ ውስጥ ያርፋል፤ ስለዚህ ማለዳና ምሽት በፊላው ዳር በእሱና በውሃው መካከል መግባት አይገባም። ኮቃም ዝዋይም ጉማሬ አለባቸው። ኮቃ ላይ አዞም ይታሰብ።

የላንጋኖ ውሃ ቡናማ ስለሆነ «ቆሻሻ ነው»፣ ንጹሕ የመሰለው የሌላው ሐይቅ ዳርቻ ግን «አይጎዳም» የሚሉ አሉ። ላንጋኖን ያደፈረሰው ተንሳፍፎ የሚቀር ደቃቅ ሸክላ ነው፤ እንዲያውም ከቢልሃርዝያ ነፃ ነው በሚል የሚታወቀውና ሰው የሚዋኝበት እሱ ነው። ዝዋይ ዳርቻ ግን ቢልሃርዝያ አለ። ትሉ የሚራባው አረም ባለበት፣ ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ በሚኖር ቀንድ አውጣ ላይ ነው፤ በደቂቃዎች ውስጥ ቆዳ በስቶ ይገባል። ሐይቁ መሀል ስጋቱ ትንሽ ነው። አደጋው ያለው ሱሪን እስከ ጉልበት ሰብስቦ ጀልባ የሚገፋው ሰው ላይ ነው። ረጅም ቦት ጫማ ከብዙ ማሻሻያ ይበልጣል።

የተጎታቹም ነገር አለ። ከአዳማ በሞጆ በኩል ባቱ ለመድረስ መቶ ኪሎ ሜትር ይታለፋል፤ በዚህ ሁሉ መንገድ የተጎታቹ ኩሽኔታ ይግላል። እንደደረሱ ወዲያው ወደ ውሃ ሲያስገቡት፣ የጋለው አየር በድንገት ቀዝቅዞ ይኮማተርና ውሃውን ወደ ግራሶው ይስባል። ኩሽኔታው የሚጮኸው ግን ያን ቀን አይደለም። ሩብ ሰዓት አቁሞ፣ እጅ አስደግፎ ሙቀቱን አይቶ፣ ሻይ ጠጥቶ ማስገባት ነው።

ሲወጣ ደግሞ የመጨረሻው ተረት ይጠብቃል፤ «እንቦጭ የጣና ጣጣ ነው» የሚለው። የአገሩ ጆሮ ሁሉ ስለ እንቦጭ የሰማው እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ ከጣና ስለሆነ፣ እምነቱ አይገርምም። በኢትዮጵያ መጀመሪያ መታየቱ የተመዘገበው ግን እ.ኤ.አ. በ1965 ነው፤ ቦታውም ኮቃ እና አዋሽ ወንዝ። የኮቃ ግድብ ሥራ ከጀመረ አምስት ዓመት ገደማ መሆኑ ነው። አረሙ የደቡብ አሜሪካ ነው፤ አበባው ወይን ጠጅና ውብ ሲሆን የተቆረጠች አንዲት ቅርንጫፉ ብቻዋን ትራባለች። ዛሬ ዝዋይ ላይም አለ። ከሐይቅ ወደ ሐይቅ በእግሩ አይሄድም፤ በውሃ፣ በመረብ፣ በጀልባ ይሄዳል።

ስለዚህ ኮቃ ላይ የዋለች ጀልባ በሳምንቱ ወደ ላንጋኖ ከመሄዷ በፊት ሆዷ ውስጥ የቀረው ውሃ በቡሽዋ በኩል እዚያው ኮቃ ዳር ይፈስሳል፤ ፕሮፔለሩ፣ የመልሕቁ ሰንሰለት፣ የተጎታቹ አክስል በእጅ ይዳሰሳል። አክስሉና ጎማው መካከል፣ ጭቃ በተጠራቀመበት ጥግ፣ አረንጓዴ ሥር ተጠምጥሞ ይገኛል፤ ጣት የምታህል ቅጠል፣ ግርጌዋ ላይ አየር የያዘች እንደ ፊኛ ያበጠች። ተለቅማ ደረቅ አሸዋ ላይ፣ ከውሃው ርቃ ትጣላለች፤ ጀልባዋም ጥቂት ቀን ግቢ ውስጥ ፀሐይ ይመታታል።